አቃጠልከው ያሉኝ ቦርድ

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ፈልጌ አይደለም። «እንኳን ለዚህ አበቃህ» የሚለኝ ሰውም አልፈልግም። የሆነውን እነግራችኋለሁ፤ ፍርዱን ለራሳችሁ ያዙት።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ግን ማወቅ አለባችሁ። የተወለድኩት ከአዘና ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው። አፌን የፈታሁት በአዊኛ ነው። አማርኛን ገበያ አስተማረኝ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ እንጅባራ ውስጥ ነው፤ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ፣ ለሕፃናት በተሠራ ዴስክ ስር ጉልበቴን አጥፌ። ከዚያ በፊት የትም ቢሮ ስገባ ገና ስሜን ሳይጠይቁኝ የቀለሙን ሳጥን ወደ አውራ ጣቴ ይገፉታል። ልብሴንና እጄን አይተው ነው። መጻፍ ከቻልኩ በኋላም መግፋታቸውን አልተዉም። «እፈርማለሁ» ስላቸው ስክሪብቶውን የሚሰጡኝ ፈገግ ብለው ነው፤ ዝንጀሮ መኪና ሊነዳ ሲል እንደሚያይ ሰው።

እንጀራዬ ቀርከሃ ነበር። ወንበር፣ አልጋ፣ መደርደሪያ እየሠራሁ በዋናው መንገድ ዳር እደረድራለሁ፤ መንገደኛው ይገዛል። በኋላ የፕላስቲክ ወንበር ከተማውን ሞላው። ሰው ቀርከሃዬን እየዳበሰ «ቆንጆ ነው» ይላል፣ ፕላስቲኩን ገዝቶ ይሄዳል። ሌላ ሙያ መያዝ ነበረብኝ። የማታውን ትምህርት እስከ ስምንተኛ ገፍቼ ስለነበር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ የኮምፒውተር ጥገና የሚያስተምር ማሠልጠኛ ተከፈተ ሲባል ሄጄ ተመዘገብኩ። አትፈልጉት፤ ዛሬ የለም። ቤቱ የእህል መጋዘን ሆኗል።

አሠልጣኛችን ዮናስ የሚባል ከባሕር ዳር ተምሮ የመጣ ወጣት ነበር። እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ በዕድሜ ብበልጠውም አስተማሪዬ ነውና። እሱ «አንተ» ይለኛል። ስሜንም አይጠራም፤ «ቀርከሃው» ነው የሚለኝ። ክፍሉ ይስቃል። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጥገናው አውጥቶ ታይፕ ክፍል ሊያስቀምጠኝ። «ስታነብ እኮ ክፍሉን ታስተኛዋለህ» ይለኝ ነበር። ቀስ ብዬ እንደማነብ እውነት ነው። ግን ታይፕ ተምሬ ምን ልሠራ ነው? ማን ነው እኔን ጸሐፊ አድርጎ የሚቀጥር? ከጥገናው ወጣሁ ማለት ሰው ወደማይገዛው ቀርከሃ ተመለስኩ ማለት ነበር።

አንድ አርብ ከሰዓት ዮናስ ካርቶን ይዞ ገባ።

«የማሠልጠኛው ባለቤት ከአዲስ አበባ ያመጣቸው ቦርዶች ናቸው» አለን። አንዱን አውጥቶ አሳየ። ቦርድ ማለት መዳፍ ላይ የሚያርፍ ሙሉ ኮምፒውተር ነው። ልብስ የለውም፣ አንጀቱ ውጭ ነው፣ የራሱ ስክሪንም የለውም። በዩኤስቢ ገመድ ከዴስክቶፕ ጋር ሲያያዝ ኃይሉን ከዴስክቶፑ ይወስዳል። ሰማያዊ መብራት ያበራል። ከዚያ ዴስክቶፑ እንደ ፍላሽ ያየዋል። ውስጡ ያለውን ገጽ ስትከፍተው አረንጓዴ ምልክት ይወጣል፤ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

«ነገ ቅዳሜ እስከ ምሳ አረንጓዴዋን ያላሳየኝ፣ ጥገና ላይ አይቀጥልም» አለ። አንገቱን ወደኔ አዞረና «ገባህ፣ ቀርከሃው?» አለኝ።

«ገባኝ» አልኩት።

ሁለት ሁለት ሆነን ተመደብን። ለእኔ የደረሰችኝ ብርቱካን ነበረች። ብርቱካን መናኸሪያ ትኬት የምትቆርጥ፣ ባሏን አባርራ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ናት። እሷም እንደኔ የገጠር ልጅ፣ አዊኛ ተናጋሪ ነች። ከእኛ ጋር መሆን የፈለገ ስላልነበረ ነው የተገናኘነው። እኔን ግን «እርስዎ» ትለኛለች፣ «ጋሼ» ትለኛለች።

ቦርዳችን በብርማ ላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ሌሎቹ ላስቲኩን ቀደው ወረወሩት። እኔ አልወረወርኩም። አገራችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እኛ ዘንድ አዲስ ዕቃ አይገፈፍም። ባጃጅ ስንገዛ የመቀመጫው ላስቲክ ራሱ ተቦጫጭቆ እስኪያልቅ እንቀመጥበታለን። ሪሞት በፌስታል ታስሮ ነው የሚነካው። የስልክ ፊት ላይ ያለችውን ስስ ላስቲክ ልጅ ቢልጣት ይገረፋል። በዚያ ላይ የእንጅባራ ጉም ጠረጴዛውን ሁሉ አርጥቦት ነበር።

«ራቁቷን እዚህ እርጥብ ላይ ልናስቀምጣት ነው?» አለች ብርቱካን።

«ምን በወጣት» አልኩና ብርማውን ላስቲክ እንደ ቁርበት ዘረጋሁት። ቦርዱን በጥንቃቄ ላዩ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለታችንም ደስ አለን። የሌሎቹ ሜዳ ላይ ተጥሏል፣ የእኛ አልጋ ላይ ነው።

ገመዱን ሰካሁ። ሰማያዊው መብራት ብልጭ አለ፣ ወዲያው ጠፋ። በስክሪኑ ጥግ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። ማንበብ ጀመርኩ። «ፓወር...» አልኩ። «ፓወር ሰ... ሰርጅ...»

ዮናስ ከበላያችን ቆሟል። «ፓወር ሰርጅ፤ ኃይል በዝቶበታል» አለ። ገመዱን ነቅሎ የራሱን ገመድ ሰካ። ምንም የለም። አላጎነበሰም፤ እንደቆመ ነው ያየው።

«አቃጠልከው» አለኝ።

«ምን?»

«አቃጠልከው! ገና ሰዓት ሳይሞላው! ቀርከሃ የሚሰነጥቅ እጅ አምጥተህ እዚህ...» ወደ ክፍሉ ዞረ። «አያችሁ? ለዚህ ነው ሁሉም በየሙያው ይሁን የምላችሁ።»

ከኋላ ደረጀ የሚባለው ልጅ «ጋሼ፣ ባይሆን መደርደሪያ ይሥሩለት» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ብርቱካን ዞራ «አንተን ነው መደርደሪያ ላይ የምናስቀምጥህ፣ አቧራ እስክትለብስ» አለችው። ለእሷም ተሳቀላት።

በዚያው ሰማዩ አጉረመረመ። መብረቅ እኛ ጋ ቀልድ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ካጉረመረመ የተሰካ ነገር ሁሉ ይነቀላል። «ንቀሉ! ሁሉንም ንቀሉ!» ተባለ። ነቃቅለን ወጣን። ዮናስ በሩን ሲቆልፍ «ነገ ከመጣህ ታይፕ ክፍል ነው የምትገባው፤ ወዲህ እንዳትለፋ» አለኝ።

በዝናቡ ውስጥ ወደ ቤቴ ስሄድ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አምኜው ነበር። እጄን አየሁት። የተሰነጣጠቀ፣ ጠባሳ የሞላው እጅ ነው። ይህ እጅ ነው ያቃጠለው አልኩ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ዴስክቶፑ የተማረ ነው፣ ቦርዱ የተማረ ነው፣ ገመዱ የተማረ ነው። በመሃላቸው ያልተማረው እኔ ብቻ ነኝ።

ባለቤቴ ኩርፍ ብዬ ስገባ አየችኝ። ነገርኳት። ድንች እየላጠች ሰማችኝና «ሸተተ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ያቃጠልከው ነገር። ባለፈው የጎረቤታችን ቴሌቪዥን ሲቃጠል ሰፈሩ በሙሉ ሸቷል። ያንተስ ሸተተ?»

አሰብኩ። «አልሸተተም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የተቃጠለው?» አለችና ድንቿን ቀጠለች።

እንደዚህ ነበር ያለችው፤ እንደ ተራ ነገር። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የታይፕ ክፍሉን በር አልፌ ጥገናው ክፍል ገባሁ። የትናንቱ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ዮናስ ሲያየኝ ፊቱ ተቀያየረ።

«ምን አልኩህ ትናንት?»

«እስከ ምሳ ነው ያሉት። ምሳ አልደረሰም።»

«ተቃጥሏል እኮ አልኩህ!»

«አልሸተተም።»

«ምን?»

«የተቃጠለ ነገር ይሸታል። አልሸተተም። መቃጠሉን ያሳዩኝና እሄዳለሁ።»

ከት ብሎ ሳቀ። «በአፍንጫህ ነው ጥገና የምትማረው? እሺ፣ አሽትተው! እስከ ምሳ አሽትት። ከምሳ በኋላ ግን እዚህ እንዳላይህ።» ሌሎቹን ሊያይ ሄደ።

ብርቱካን መጣች። የዴስክቶፑ መነሳት ድንች ተቀቅሎ ከሚወጣበት ጊዜ ይረዝማል። ተነሳ። እንደ ትናንቱ ቦርዱን ብርማው ላስቲክ ላይ አስተኝተን ሰካነው። ብልጭ አለ፣ ጠፋ። ያው ጽሑፍ ወጣ። አንዴ ያ ጽሑፍ ከወጣ ደግሞ ዴስክቶፑ ካልተዘጋና እንደገና ካልተነሳ ገመዱ የተሰካበት ቀዳዳ ምንም አይቀበልም። ዘጋን። አስነሳን። ሰካን። ብልጭ፣ ጥፍት። ገመድ ለወጥን። ቀዳዳ ለወጥን። ብልጭ፣ ጥፍት። በዙሪያችን የሌሎቹ አረንጓዴ ምልክት አንድ በአንድ እየወጣ ይጨበጨባል። ደረጀ አረንጓዴው ሲወጣለት ወደኛ ዞሮ «ጋሼ፣ ጸበል አልረጩትም?» አለ። ብርቱካን ምላሷን ትታ የተረፉትን ገመዶች መጠቅለል ጀመረች፤ ያኔ ነው ተስፋ መቁረጧን ያወቅኩት።

ከዚያ ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው። የጫግኒ ሚኒባስ እየሞላ ነው፣ ትኬት የሚቆርጥ የለም፣ አሁኑኑ ነይ ይላል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ቆርጬላቸው እመለሳለሁ» አለች። ስልኳን አየች፣ ዝናቡን አየች። «ይቺን ላስቲክ ልውሰዳት፣ ስልኬ ይረጥብብኛል።» ቦርዱን በአንድ እጇ አነሳች፣ ብርማውን ላስቲክ መዥረጥ አድርጋ ስልኳን ከተተችበት፣ ቦርዱን ባዶው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሮጠች።

ብቻዬን ቀረሁ። ከንዴት ሌላ ምንም አልቀረኝም። ዴስክቶፑን ዘግቼ አስነሳሁት። ገመዱን ሰካሁ።

ሰማያዊው መብራት በራ። እስኪጠፋ ጠበቅሁት። አልጠፋም። ከጎኑ ሌሎች ትንንሽ መብራቶች መጨፈር ጀመሩ። ስክሪኑ ላይ አዲስ ፎልደር ተከፈተ።

አልጮህኩም። ትንፋሼን እንኳ ፈራሁት። እጄን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ጭኔ ላይ አድርጌ አየሁት፤ አየሁት። ገጹን ስከፍት አረንጓዴው ወጣ።

ብርቱካን በስብሳ ስትመለስ እንደዚያው ነኝ። ስክሪኑን አየች፣ አፏን በእጇ ያዘች። «ጋሼ! ይጥሩት፣ ቲቸርን ይጥሩት!» አለችኝ በአዊኛ።

«ምን ስለቀየርን ነው የበራው?» አልኳት እኔም በአዊኛ።

«ምን አገባዎት! በርቷል!»

«ያገባኛል እንጂ። ምን ቀየርን?»

ዙሪያውን አየች። ገመዱ ያው ነው፣ ቀዳዳው ያው ነው። ከዚያ ሁለታችንም እጇ ላይ ያለውን ብርማ ላስቲክ አየነው።

«ስጪኝ» አልኳት።

«ምን ሊያደርጉት?»

«ልመልሰው።»

«አበዱ?»

ያበድኩ መስሏት ይሆናል። ግን ስሙኝ። ያኔ ዮናስን ብጠራው አረንጓዴውን ያያል፣ «ዕድል ነው» ይላል፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ነገር እምቢ ሲል እንደገና «አቃጠልከው» ይለኛል። እኔም እንደገና አምነዋለሁ። ይህን ነው የፈራሁት፤ ማመኔን። የበራውን ብቻ ይዤ መውጣት አልበቃኝም። ትናንት ያጠፋው እኔ መሆኔን ወይም አለመሆኔን ማወቅ ነበረብኝ።

«ጋሼ፣ ምሳ ደርሷል፣ ቢጠፋስ? እንደገና እስኪነሳ...»

«ይጥፋ።»

ከበሩ በኩል ዮናስ ጮኸ። «በአማርኛ አውሩ! ምን እየተማከራችሁ ነው እናንተ?» ወደኛ መምጣት ጀመረ።

ገመዱን ነቀልኩ። ላስቲኩን ዘረጋሁ። ቦርዱን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። ሰካሁ።

ብልጭ፣ ጥፍት። ያ ጽሑፍ ወጣ።

«ገደሉን» አለች ብርቱካን፣ ጭንቅላቷን ይዛ።

እኔ ግን ሳቅሁ። ከአርብ ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር። ላስቲኩን ከስሩ ስቤ አወጣሁትና ዴስክቶፑን ዘጋሁት። ዮናስ ሲደርስ የሚያየው ጥቁር ስክሪን ነው።

«ታዲያ አረንጓዴው የት አለ?»

«እየተነሳ ነው» አልኩት።

«ስድስት ሰዓት ሆኗል።»

«ይጠብቁ።»

«ማን መሰልኩህ አንተ? ተነስ ከዚህ!»

«ይጠብቁ አልኩ እኮ።»

ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ግን እጁ ወደ ትከሻዬ ሊመጣ ጀምሮ መንገድ ላይ ቆመ። ምሳ ሊበሉ የተነሱት ሁሉ በሩ ላይ ቆመው ዞሩ። ዴስክቶፑ ያንገራግራል። መብራት እንዳትሄድብኝ ብቻ ነበር የምለምነው፤ በዝናብ ቀን እንጅባራ ላይ ይህ ቀላል ልመና አይደለም። አንዴ አምፖሉ ፈዘዘ፣ ባትሪው የደከመው ዩፒኤስ ጮኸ፣ ብርቱካን በስመ አብ አለች። ተመለሰ። ስክሪኑ በራ። ሰካሁ። ሰማያዊው በራ፣ ቆየ። ፎልደሩ ተከፈተ። ገጹን ከፈትኩት።

አረንጓዴ።

ማንም አላጨበጨበም። ዮናስ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። መቼም ያኔ ነው መጀመሪያ ያጎነበሰልኝ።

«ትናንት ታዲያ ምን ነበር?» አለ።

ብርማውን ላስቲክ ሰጠሁት። «ይህን ከስሩ ሳነጥፍ ይጠፋል። ሳነሳው ይበራል። ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም።»

ላስቲኩን ገለበጠው። አሸው። ፊቱ ቀላ። «የዚህ ውጪው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል» አለ ቀስ ብሎ። «ከቦርዱ ስር ያሉትን የብረት እግሮች በሙሉ ያገናኛቸዋል። ዴስክቶፑ ራሱን ሊጠብቅ ኃይሉን ይቆርጣል። ይህማ... ይህማ የታወቀ ነገር ነው።»

«ያውቁት ነበር?»

«እንዴት አላውቅም!»

«ታዲያ ትናንት ቦርዱን ለምን አላነሱትም?»

ላስቲኩን እንደገና ገለበጠው። መልሱን ግን እኔም እሱም እናውቀዋለን። እውቀቱ ነበረው። ከቦርዱ በፊት ያየው እኔን ነው፤ እኔን ካየ በኋላ ሌላ ምክንያት መፈለግ አላስፈለገውም።

«በቃ፣ ጥሩ» አለ። «በጥገናው ቀጥል። ተነስ፣ ምሳ ብላ።»

«አልነሳም።»

«ደግሞ ምን?»

«በእነዚህ ሰዎች ፊት አቃጠልከው ብለውኛል። በእነዚሁ ፊት አላቃጠልክም ይበሉኝ።»

«አልተቃጠለም አልኩ እኮ...»

«እሱን ስክሪኑ ነግሮኛል። የተሰደበው ቦርዱ አይደለም፣ እኔ ነኝ።»

ደረጀ መሬት መሬት ያያል። ብርቱካን እጆቿን አጣምራ ቆማለች፤ ሚኒባሱ ጫግኒ ሳይሆን ካርቱም ይሂድ፣ ግድ የላትም። ዮናስ ወደ በሩ አየ፣ ወደኔ አየ። የማልነሳ መሆኔ ገባው።

«አላቃጠልክም» አለ።

ያኔ ተነሳሁ። አመሰግናለሁ አላልኩትም።

ይኸው ነው የሆነው። ከዚያ በኋላ ጥገናውን ጨርሼ ዳንግላ ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ፤ እስከ ዛሬ እበላበታለሁ። ይህን ስነግራቸው ሰዎች «ልጅ ነበር፣ ተወው፣ ይቅር በለው» ይሉኛል። ለምን? እናንተ የቀለሙ ሳጥን ወደ አውራ ጣታችሁ ተገፍቶባችሁ ያውቃል? ያልተገፋበት ሰው ይቅርታ ላይ ለጋስ ነው። እኔ ቂም ይዤ አላድርም፤ ግን እንዳልሆነም አላደርገውም።

እኔን የሚያናድደኝ ዮናስ እንኳ አይደለም። ያን አርብ በዝናብ ውስጥ እጁን እያየ የሄደው ሰውዬ ነው። ሳይመረምር ጥፋቱን የተቀበለው እኔው ነኝ። ሌላ ሰው ሲንቀኝ አንድ ነገር ነው፤ እኔው ከሱ ጋር ተስማምቼ ራሴን ስንቅ ግን ማን ይነሳልኝ? በዕድሜ ፊደል የቆጠራችሁ ካላችሁ ታውቁታላችሁ። ኤቲኤም ካርዳችሁን ሲውጥ፣ ፎርም ሲመለስባችሁ፣ ስልክ እምቢ ሲላችሁ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ራሳችሁን ነው። አንገታችሁን ደፍታችሁ ትወጣላችሁ። የወጣችሁበት ቤት ውስጥ ምን እንደተበላሸ ማንም አይፈልግም፤ ጥፋተኛው እናንተ ሆናችሁ ሄዳችኋላ።

እኔ አንገት መድፋቱን ትቻለሁ። ጨዋ ሁን ይሉኛል፣ አልሆንም። አጥፍቼ ከሆነ አጥፍቻለሁ እላለሁ፤ ይህን ለማለት አፌ አይከብደውም። ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሹምም ይሁን ምሁር፣ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ሲለኝ የምመልሰው አንድ ቃል ነው፤ አሳየኝ። ሳያሳየኝ ከወንበሬ አልነሳም።